ቻን፦ ስለ ውድድሩና ስለ ተጫዋቾቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአፍሪካ ሀገራት የእግር ኳስ ውድድር የሆነው ቻን በመጣ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙም አይለወጡም። «እገሌ ለምን አልተጠራም?» «ይሄ የአፍሪካ ዋንጫ አይደለም እንዴ?» «የ2024ቱ ውድድር እንዴት በ2025 ይካሄዳል?» መልሶቹን እዚህ አሰባስበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻን ምንድን ነው? ከአፍሪካ ዋንጫ በምን ይለያል?

ሁለቱንም የሚያዘጋጀው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ነው፤ በሁለቱም የሚሰለፈው ብሔራዊ ቡድን ነው። ልዩነቱ ተጫዋቹ ላይ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አሠልጣኝ ከእንግሊዝም ከግብፅም ከአዳማም ተጫዋች ሊጠራ ይችላል። በቻን የሚጠራው ግን በገዛ ሀገሩ ሊግ የሚጫወተውን ብቻ ነው። ሙሉ ስሙ የአፍሪካ ሀገራት ሻምፒዮና ሲሆን «ቻን» የሚለው ምሕጻር የመጣው ከፈረንሳይኛው መጠሪያ ነው።

የመጀመሪያው ውድድር በ2009 በኮትዲቯር የተካሄደው በ8 ቡድኖች ነበር። በ2011 ሱዳን ስታዘጋጅ ቁጥሩ ወደ 16 አደገ። ከዚያ ወዲህ 18ም 19ም ቡድን የተሳተፈባቸው ውድድሮች ታይተዋል።

ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ በፍፃሜው በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ያነሳችው ዋንጫ የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ ከቻን ጋር አይገናኝም። ሁለቱን እያምታቱ የሚጽፉ ስላሉ ነው ይህን ማንሳታችን።

በትክክል መጫወት የሚችለው ማን ነው?

ሁለት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው፦ ዜግነትና የክለብ ምዝገባ። ተጫዋቹ የዚያ ሀገር ዜጋ መሆን አለበት፤ በዚያው ሀገር ፌዴሬሽን ሥር ባለ ክለብም መመዝገብ አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላው አያድነውም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንይ።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለግብፅ፣ ለደቡብ አፍሪካ ወይም ለታንዛኒያ ክለብ የሚጫወት ሰው አይችልም። የሚጫወትበት ሊግ ደካማ ይሁን ጠንካራ ለውጥ የለውም፤ ጎረቤት ሀገር መሆኑም አያዋጣም። በውሰት የሄደም ያው ነው። ወሳኙ ባለቤቱ የትኛው ክለብ ነው የሚለው ሳይሆን ቴሴራው፣ ማለትም የተጫዋችነት ምዝገባ ካርዱ፣ አሁን የት ነው የሚለው ነው።

በሀገራችን ሊግ የሚጫወት የውጭ ዜጋም በቻን ቦታ የለውም። ለኢትዮጵያ እንዳይጫወት ዜጋ አይደለም፤ ለሀገሩ እንዳይጫወት ምዝገባው እኛ ጋር ነው። በፕሪሚየር ሊጋችን ለዓመታት የቆሙት የውጭ ግብ ጠባቂዎች ቻን ሲመጣ ጨዋታውን የሚያዩት እንደማንኛውም ተመልካች ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነው። ነገሩ ግን ሌላ መዘዝም አለው። ክለቦች በውጭ ግብ ጠባቂ ሲተማመኑ የሀገር ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይከርማል። በቻን ደግሞ ያንኑ ወንበር ላይ የከረመ ልጅ ከማሰለፍ ሌላ አማራጭ የለም።

ከውጭ የተመለሰ ተጫዋች ግን ይችላል፤ ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫው ተመልሶ ለሀገር ውስጥ ክለብ በትክክል እስከተመዘገበ ድረስ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ተመልሶ ከክለቡ ጋር ልምምድ ጀምሯል፣ ደጋፊውም አይቶታል፣ ወረቀቱ ግን ገና የቀድሞ ክለቡ ሀገር ነው። ልምምድ መሥራት ምዝገባ አይደለም።

ዕድሜ አይገድብም፤ 18ም ይሁን 36።

ታዲያ የኛ ኮከቦች ለምን የሉም?

ምክንያቱ ጎበዝ የሆነው ልጅ ስለሚሄድ ነው። አቡበከር ናስር በ2020/21 ውድድር ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ። በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ከወራት በኋላ፣ በጥር 2023፣ ዋልያዎቹ አልጄሪያ ላይ ለቻን ሲሰለፉ እሱ በሕጉ መሠረት ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቢፈልገውም ሊጠራው አይችልም ነበር።

በ2014ም ተመሳሳይ ነበር። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ያየናቸው ሳላዲን ሰይድና ጌታነህ ከበደ በቻኑ ጊዜ በውጭ ክለቦች ስለነበሩ አልተካተቱም። ስለዚህ የቻኑን ቡድን ከአፍሪካ ዋንጫው ቡድን ጋር እያነጻጸሩ «ወረደ» ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። የተለያዩ ቡድኖች ናቸው።

ሊጉ በጦርነት የተቋረጠ ሀገርስ እንዴት ይሳተፋል?

ሱዳን ጥሩ ምሳሌ ናት። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሳ በኋላ አል ሂላልና አል መሪክ የ2024/25ን ውድድር ዓመት በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሜዳው ሞሪታኒያ ቢሆንም ክለቦቹ የሱዳን ናቸው፤ ተጫዋቾቹም የሱዳን ክለብ ተጫዋቾች እንደሆኑ ቀጠሉ። ስለዚህ ሱዳን በነሐሴ 2025ቱ ቻን ተሳተፈች። መሳተፍ ብቻም አይደለም፤ ናይጄሪያን 4 ለ 0 ረታች፣ በሩብ ፍፃሜ አልጄሪያን በመለያ ምት አሰናበተች፣ አራተኛም ሆና ጨረሰች። ያን ቡድን ያሠለጥን የነበረው ጋናዊው ክዌሲ አፒያ ነው።

ወደዚያ ውድድር ስትሄድ በማጣሪያው የጣለችው ኢትዮጵያን ነው። ሊግ ያላት ቀረች፣ ሊጓ የተሰደደባት ሄደች።

የ2024 ቻን ለምን በ2025 ተካሄደ?

ስሙ የቆየው መጀመሪያ በተያዘለት ዓመት ነው፤ ቀኑ ሲገፋ ስሙ አብሮ አይገፋም። ሦስት ተከታታይ ውድድሮች እንደዚህ ሆነዋል፦

የ2020ው በኮቪድ ምክንያት በጥርና የካቲት 2021 ካሜሩን ላይ ተካሄደ። የ2022ቱ በጥርና የካቲት 2023 አልጄሪያ ላይ። የ2024ቱ ለየካቲት 2025 ተቀጥሮ ነበር፤ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ስታዲየሞችና ሌሎች ግንባታዎች ባለመጠናቀቃቸው ካፍ ወደ ነሐሴ ገፋው። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በጋራ አስተናገዱት።

መረጃ ስትፈልጉ ይህን ልብ በሉ። «ቻን 2022» ብሎ የሚፈልግ ሰው በ2022 የተደረገ አንድም የዋናው ውድድር ጨዋታ አያገኝም፤ ያን ዓመት የነበረው ማጣሪያ ብቻ ነው።

ወሩ መቀየሩም ዝም ብሎ የቀን ጉዳይ አይደለም። በጥር የብዙ ሀገር ሊግ መሀል ላይ ስለሚሆን ተጫዋቹ ትኩስ ነው። በነሐሴ ግን የኛን ጨምሮ ብዙ ሊጎች ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ያ ማለት አሠልጣኙ ሳምንታት ያልተጫወተ ልጅ ይዞ ይገባል። በዚያ ላይ ነሐሴ የዝውውር ወቅት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቶ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ለውጭ ክለብ የፈረመ ተጫዋች ከቡድኑ ይወጣል። በነሐሴ ለሚደረግ ቻን ዝርዝር የሚያወጣ አሠልጣኝ በየቦታው አንድ ተተኪ ካላዘጋጀ ዋጋ ይከፍላል።

ማጣሪያው እንዴት ነው የሚደረገው?

በዞን ነው። ካፍ አህጉሩን በስድስት ከፍሎታል፦ ሰሜን፣ ምዕራብ ሀ፣ ምዕራብ ለ፣ መካከለኛው፣ ምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እና ደቡባዊ አፍሪካ ዞን። ኢትዮጵያ ያለችው በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ፣ ማለትም በሴካፋ ዞን ነው፤ ከኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኤርትራ ጋር። ዛንዚባር በሴካፋ ዋንጫ ራሷን ችላ ብትቀርብም በቻን ተጫዋቾቿ በታንዛኒያ ሥር ናቸው።

በእኛ ዞን ማጣሪያው የደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ነው። የምድብ ጨዋታ የለም፤ እያንዳንዱ ዙር በሁለት ጨዋታ፣ በ180 ደቂቃ፣ ያበቃል። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ስድስት ጨዋታ ስላለው ያጡትን ነጥብ ማካካስ ይቻላል፤ እዚህ ግን አንድ መጥፎ ቀን ሁለት ዓመት ያስጠብቃል። የሴካፋን ዋንጫ ማሸነፍም ለቻን አያሳልፍም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

የደርሶ መልስ ጨዋታን ሜዳ ሳይኖር መወጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ከባድ ነው። በ2015 ኢትዮጵያ ቡጁምቡራ ላይ በብሩንዲ 2 ለ 0 ተሸንፋ አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 0 ገልብጣ ነው ለሩዋንዳው ቻን ያለፈችው። የሞላ ስታዲየም ምን እንደሚሠራ ያን ቀን ታይቷል።

ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ግን የባህር ዳር ስታዲየም በካፍ ስለታገደ፣ የአዲስ አበባውም እድሳት ላይ ስለነበር ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው ሀገር ማድረግ ጀመሩ። ለአልጄሪያው ቻን ሲያልፉ በሜዳቸው የተባለውን ጨዋታ ያደረጉት ዳሬሰላም ነው። ከሩዋንዳ ጋር ዳሬሰላም ላይ 0 ለ 0 ወጥተው ሁዬ ላይ 1 ለ 0 አሸንፈው ገቡ። ያ ውጤት ሲታሰብ እስከ ዛሬም ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስለንም፤ ሁለቱንም ጨዋታ ከሀገር ውጭ ነው የተጫወቱት።

ካፍ ስታዲየም ሲመረምር የሚያየው ሣሩን ብቻ አይደለም። የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት ጥራት፣ ቁጥር ያለው ወንበር፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ሥፍራ፣ የደጋፊ መግቢያና መውጫ አንድ በአንድ ይታያል። ሜዳው አምሮ መልበሻ ክፍሉ ቢጎድል ፈቃድ የለም።

በምድብ ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ ማን ያልፋል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የጎል ልዩነት ያያል፤ ስህተት ነው። ካፍ መጀመሪያ የሚያየው እርስ በርስ ያደረጉትን ጨዋታ ነው። በዚያ ካልተለዩ ወደ አጠቃላይ የጎል ልዩነት፣ ቀጥሎ ወደ ብዙ ያገባ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ዕጣ አለ።

የ2025ቱን ምድብ መ እንውሰድ። ሱዳንና ሴኔጋል እኩል 5 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። እርስ በርስ የተጫወቱት 0 ለ 0 ነበር፤ ስለዚህ አልለየም። ወደ አጠቃላይ ጎል ሲኬድ ሱዳን 5 አግብታ 1 ተቆጥሮባታል፣ ሴኔጋል 2 አግብታ 1። ሱዳን በ+4 አንደኛ፣ ሴኔጋል በ+1 ሁለተኛ ሆኑ። ናይጄሪያ ላይ የገቡት አራት ጎሎች ያኔ ነው ዋጋቸው የታወቀው።

በጥሎ ማለፉ 90 ደቂቃው በአቻ ካለቀ 30 ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያ መለያ ምት።

የቡድኖቹ ቁጥር ለምን ሙሉ አይሆንም? 18? 19?

በአልጄሪያው ውድድር 18 ቡድኖች በአምስት ምድብ ተደለደሉ፦ ሦስቱ ምድቦች አራት አራት፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ቡድን። ከባለ አራቱ ሁለት ሁለት፣ ከባለ ሦስቱ አንድ አንድ ያልፋል፤ ድምሩ 8። ባለ ሦስት ምድብ ውስጥ የገባ ቡድን ሁለት ጨዋታ ብቻ ስላለው አንድ ሽንፈት ለመሰናበት ይበቃዋል።

በዚያው ውድድር ሞሮኮ፣ የወቅቱ ሻምፒዮን፣ ሳትመጣ ቀረች። አልጄሪያ የአየር ክልሏን ለሞሮኮ አውሮፕላኖች ከ2021 ጀምሮ ዘግታ ነበር፤ ሞሮኮ ቡድኗ በራሷ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ እንዲገባ ጠየቀች፣ አልተፈቀደም፣ ቀረች። ምድቧ በማዳጋስካር፣ በጋናና በሱዳን ብቻ ተካሄደ። ማዳጋስካር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ ሦስተኛ ወጣች፤ በቀጣዩ ደግሞ ፍፃሜ ደረሰች።

በ2025 19 ቡድኖች ነበሩ፤ ሦስት ምድቦች አምስት አምስት፣ አንዱ አራት።

ዋንጫውን እነማን ወስደዋል?

2009 ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ 2011 ቱኒዚያ፣ 2014 ሊቢያ፣ 2016 እንደገና ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ 2018 ሞሮኮ፣ የ2020ው ሞሮኮ፣ የ2022ቱ ሴኔጋል፣ የ2024ቱ ሞሮኮ። የመጨረሻው ፍፃሜ ናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ላይ ነሐሴ 30 ቀን 2025 ተደርጎ ሞሮኮ ማዳጋስካርን 3 ለ 2 ረታች። ከዚያ በፊት በምድብ ጨዋታ አዲስ ተሳታፊዋ ኬንያ እዚያው ሞሮኮን 1 ለ 0 አሸንፋት ነበር።

ዝርዝሩ በአጋጣሚ የተሰለፈ አይደለም። ቻን የሊግ ፈተና ነው። ዲሞክራቲክ ኮንጎ ዋንጫውን በወሰደችበት በ2009 የሉቡምባሺው ቲፒ ማዜምቤ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ፤ በዓመቱ ደገመው። ግብ ጠባቂው ሮቤር ኪዲያባና የውድድሩ ኮከብ ትሬዞር ምፑቱ ከዚያው ክለብ ነበሩ። ሞሮኮ የምታሸንፈውም ራጃ፣ ዊዳድ፣ በርካኔና የጦር ሠራዊቱ ክለብ በአፍሪካ መድረክ በየዓመቱ ስለሚፋለሙ ነው። በክለብ ደረጃ ማጣሪያ ማለፍ የከበደው ሀገር በቻን ዋንጫ ቢጠብቅ ራሱን ያታልላል።

ለዚህ ሕግ የማትገዛው የ2014ቷ ሊቢያ ነች። ውድድሩን ራሷ ልታዘጋጅ ነበር፤ በጸጥታ ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። እዚያ ሄዳ ሩብ ፍፃሜውንም፣ ግማሽ ፍፃሜውንም፣ ፍፃሜውንም በመለያ ምት አለፈች። በመደበኛ ሰዓት ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ 2 ለ 0፣ ኢትዮጵያን።

የኢትዮጵያ ውጤት ምን ይመስላል?

ሦስት ጊዜ ተሳትፋለች፤ ሦስቱንም ከምድብ አላለፈችም።

2014፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው፦ ሊቢያ 2 ለ 0፣ ኮንጎ ብራዛቪል 1 ለ 0፣ ጋና 1 ለ 0 ረቷት፤ ጎል አላስቆጠረችም።

2016፣ ሩዋንዳ፣ አሠልጣኝ ዮሐንስ ሳህሌ፦ በኋላ ሻምፒዮን በሆነችው ዲሞክራቲክ ኮንጎ 3 ለ 0 ተሸነፈች፣ ከካሜሩን 0 ለ 0 ወጣች፣ በአንጎላ 2 ለ 1 ተረታች።

2023፣ አልጄሪያ፣ አሠልጣኝ ውበቱ አባተ፦ ከሞዛምቢክ 0 ለ 0፣ በአልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1።

ሲደመር 9 ጨዋታ፣ 2 አቻ፣ 7 ሽንፈት፣ 2 ጎል አግብታ 13 ተቆጥሮባታል። ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ላየው ተከላካዩ እንደሚወራው አይደለም። ከሰባቱ ሽንፈቶች አራቱ በአንድ ጎል ልዩነት ናቸው። ችግሩ ፊት ላይ ነው፤ ዘጠኝ ጨዋታ ሁለት ጎል። ጎል የሚያገባው ልጅ ደግሞ ሕጉ የማይፈቅድለት፣ ውጭ ያለው ልጅ ሆኖ ይገኛል። በሊጋችን ከፍተኛ አግቢዎች ውስጥ የውጭ ዜጎች መኖራቸውም ለአሠልጣኙ የቀረውን ምርጫ ያጠብበዋል።

ኢትዮጵያ ልታዘጋጅ አልነበረም?

የ2020ውን ልታዘጋጅ ነበር። በ2019 ለካሜሩን ተሰጠ፤ ስታዲየሞቹ በጊዜ አልደረሱም። ኬንያም በ2017 ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷት የ2018ቱ ወደ ሞሮኮ ሄዷል። ልዩነቱ ኬንያ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና በ2025 ማካካሷ ነው።

በቻን ስማቸው የተመዘገበ ኢትዮጵያውያን የሉም ማለት ነው?

አሉ፤ በፉጨት። ጥር 23 ቀን 2021 ሊምቤ፣ ካሜሩን ላይ ታንዛኒያ ናሚቢያን 1 ለ 0 ስታሸንፍ የመሀል ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ ነበረች። ረዳቶቿ ከማላዊና ከናይጄሪያ የመጡ ሴቶች ነበሩ። በካፍ የወንዶች ዋና ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር አንድን ጨዋታ ሴት ዳኞች ሲመሩት ያ የመጀመሪያው ነው።

በቻን ጎልቶ የወጣ ተጫዋች የት ይደርሳል?

ጥቂት መንገዶችን እንከተል።

አዩብ ኤል ካቢ በ2018 ለበርካኔ እየተጫወተ በአንድ ውድድር 9 ጎል አስቆጠረ፤ እስካሁን ያልተሰበረ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ሩሲያ ላይ ለሞሮኮ ዓለም ዋንጫ ተሰለፈ። በግንቦት 2024 ለኦሎምፒያኮስ በኮንፈረንስ ሊግ ፍፃሜ በ116ኛው ደቂቃ ፊዮረንቲና ላይ ያገባት ጎል ለክለቡ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አስገኘች።

ሱፊያን ራሂሚ የ2020ው ውድድር ኮከብ ተጫዋችም ኮከብ አግቢም ነበር፤ 5 ጎል። ከራጃ ወደ ኤምሬትሱ አል ዓይን ሄደ። በ2024 ከክለቡ ጋር የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ፤ በፓሪስ ኦሎምፒክም በ8 ጎል ኮከብ አግቢ ሆነ።

ሴኔጋላዊው ላሚን ካማራ በአልጄሪያው ቻን የሀገሩ ክለብ የጄኔራሲዮን ፉት ልጅ ነበር። ወደ ሜትዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሞናኮ ሄደ፤ በ2023ም በ2024ም የካፍ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ፓፕ ቲያው በ2024 መጨረሻ ዋናውን የሴኔጋል ቡድን ተረከበ።

ከቅርቡ ኬንያዊው ራያን ኦጋም አለ። ሞሮኮን የጣለችውን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ወዲያው ከተስከር ወደ ኦስትሪያው ቮልፍስበርገር ተዛወረ።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። መልማዮች ለቻን የሚመጡት ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ፣ ፓስፖርቱ የተዘጋጀ፣ የውል ዘመኑ የሚታወቅ ልጅ ፍለጋ ነው። ስሙ በፓስፖርቱና በቴሴራው ላይ የተለያየ ፊደል የያዘ፣ የልደት ቀኑ በሁለት ሰነድ ላይ የማይገጥም ተጫዋች ሜዳ ላይ ያሳየው ችሎታ ፊፋ የዝውውር ሥርዓት ጋ ሲደርስ ይቆማል። በእኛ ዘንድ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲለወጥ የሚፈጠረው ስህተት ቀላል አይደለም፤ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ መተው የተለመደ ነው። ክለቡ የቡድን ዝርዝር ከመላኩ በፊት ሁለቱን ሰነድ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የቻን ጨዋታ ለተጫዋቹ እንደ ሙሉ ብሔራዊ ጨዋታ ይቆጠራል?

ከ2014 ጀምሮ አዎ። ያደረገው ጨዋታና ያገባው ጎል በብሔራዊ ቡድን መዝገቡ ላይ ይገባል። በመለያ ምት ያገባው ግን በየትኛውም ውድድር እንደሆነው ሁሉ እንደ ጎል አይቆጠርም።

ሽልማቱ ስንት ነው?

ለ2025ቱ ካፍ አጠቃላይ ሽልማቱን ወደ 10.4 ሚሊዮን ዶላር አሳድጎ ለአሸናፊው 3.5 ሚሊዮን መደበ፤ ቀድሞ 2 ሚሊዮን ነበር። ገንዘቡ የሚገባው ለፌዴሬሽኑ ነው። ተጫዋቾች የሚደርሳቸው ድርሻ በየሀገሩ በስምምነት የሚወሰን ስለሆነ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ካልተያዘ ጭቅጭቁ ሆቴል ውስጥ ይጀመራል።

ሰዓቱን እንዴት ላስላ?

ግራ የሚያጋባው ሁለት ነገር ስለሚደራረብ ነው፦ የሀገሩ ሰዓትና የኛ አቆጣጠር። መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ቀይሩ፣ ከዚያ ስድስት ቀንሱ፤ የቀረው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ።

ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ 20:00 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አልጄሪያ፣ ካሜሩንና ሞሮኮ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ የእነሱ 20:00 በእኛ 22:00፣ ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሩዋንዳ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሞሮኮ በረመዳን ሰዓቷን ስለምትቀንስ ያን ወር ልዩነቱ ሦስት ይሆናል።

ውጭ ላላችሁ፣ ነሐሴ ላይ ናይሮቢ 20:00 ሲሆን ቴል አቪቭና ሪያድ 20:00፣ ዱባይ 21:00፣ ስቶክሆልም 19:00፣ ለንደን 18:00፣ ዋሽንግተን 13:00 ነው። በጥር ከሆነ አውሮፓና አሜሪካ፣ እስራኤልም፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ዱባይና ሪያድ አይነኩም።